አንድ ማንኪያ የጉሎ ዘይት

ሻምበል አስማማው ሰኞ ጧት የሌሊቱን ተረኛ አሰናብቶ ገና ወንበሩ ላይ መቀመጡ ነበር፣ የኔነሽ ጥቁር ለብሳ ከሊፍቱ ስትወጣ ያያት። በእጇ የሆስፒታል ፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ሻምበል በአዲስ አበባ ፖሊስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነፍሰ ገዳይ ሲያድን የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ያለቦታቸው ፓርክ ያደረጉ መኪናዎችን ያድናል። ይህን ቀልድ ራሱ ይቀልደዋል፤ ሌላ ሰው ሲቀልደው ግን አይወድም።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ» ብሎ ተነሣ።

«ለለቅሶ አልመጣሁም ሻምበል። ይህን ይዩልኝ» አለችና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ማተብ፣ በመጨረሻም ከጫማ ሥር በጠፍር የሚታሰር አንድ የብረት ሶል ወጣ።

ባሏ ዘርይሁን እሑድ ጧት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የስፒድዌይ ሜዳው ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ስፒድዌይ አራት ሰዎች አፈር ላይ አራት ዙር የሚሽቀዳደሙበት የእንግሊዞች ጨዋታ ነው፤ ሞተር ብስክሌቱ ፍሬን የለውም፣ የሚታጠፈውም ወደ ግራ ብቻ ነው። ፖሊሶቹ ሰውዬው ያለ ሄልሜት ከአጥሩ ጋር መላተሙን አዩ፤ ቅዳሜ ዕለት ሜዳውን እዘጋለሁ ማለቱንም ሰሙ። «ራሱን ሳያጠፋ አልቀረም» ብለው ሄዱ። ያችን ቃል ሐበሻ ለሐበሻ ኮል እያደረገ ሲቀባበላት ሳይመሽ ከከተማው ዳር ጄን ኤንድ ፊንች ደረሰች።

«ቄስ ዓለማየሁ፣ ነገሩ ካልጠራ ፍትሐት አላደርግለትም አሉኝ» አለች የኔነሽ። «ራሱን ለገደለ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ቀብሩ ረቡዕ ነው። ሃያ አምስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው እንደ ውሻ ልቅበረው?»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ቅዳሜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው የሞተው። የጎድኑ አጥንት ሳንባውን ወግቶታል። ግን ወዲያው አልሞተም፤ ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቆይቷል። ሰው ቢደርስለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ሻምበል ብረቱን አነሣ። «ይሄ ከየትኛው እግሩ ነው የወጣው?»

«ከግራው። ሲታጠፉ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ ይጎትታሉ፤ ያለዚህ አይሆንላቸውም። ጠፍሩን ሁለቴ ቋጥሮት ስለነበር በመቀስ ቆርጠው ነው ያወጡት።»

ሻምበል የተቆረጠውን ጠፍር በጣቱ ሲዳብስ ቆየ። ከአጥር ጋር ሊላተም የተነሣ ሰው ለመታጠፊያ እንዲህ አይጨነቅም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የኔነሽ ታናሽ ወንድም፣ እንቁ፣ በመኪናው ወደ ሜዳው ወሰደው። እንቁ በውድድር ቀን የመነሻውን ገመድ የሚለቅ ሰው ነው። ዝም ማለት አይችልም።

«አልዋሽዎትም ጋሼ፤ ያ ሜዳ ቢቃጠል ደስታዬ ነበር። እህቴ ሆስፒታል ደብል ሺፍት ስታጸዳ የምትኖረው ለሱ ጎማ ነው።»

ነገሩ የቆየ ነው። ዘርይሁን እንግሊዝ አገር ለትምህርት ሄዶ አብዮቱ መመለሻውን የዘጋበት ሰው ነበር። ሰሜን ውስጥ ባለች አንዲት የከሰል ከተማ፣ በስፒድዌይ ክለብ ጋራዥ ጠራጊነት ተቀጠረ፤ ቆይቶም ገብረ ክርስቶስ የሚባለውን አብሮ አደጉን ጎትቶ በመካኒክነት አስገባ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ሺህ ሰው ይገባ ነበር። ከዚያ ሞተር በየዓመቱ ተወደደ፤ አንዱ ሳይለመድ ሌላ ዓይነት መጣ። አዲስ የኋላ ጎማ ለአንድ ቀን ውድድር ብቻ ሆነ። ጋላቢዎቹ ከዴንማርክና ከስዊድን በአውሮፕላን እየተመላለሱ ክፈሉን አሉ፤ ተመልካቹ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ማየት መረጠ። አራት መቶ ሽማግሌ ሲቀር ክለቡ ተዘጋ፣ ሜዳው ላይ ሱፐርማርኬት ተሠራ። ሁለቱ ወዳጆች አሥራ ሁለት ሞተር በኮንቴይነር ጭነው ቶሮንቶ መጡ። በሽታውም አብሮ መጫኑን አላወቁም። ይኸው በ1997 እዚህም ተመልካቹ ከሠላሳ አይበልጥም ነበር።

«ቅዳሜ ምን አላችሁ?» አለ ሻምበል።

«ከውድድሩ በኋላ ሰበሰበን። ‹እናት ክለቦቹ እንግሊዝ ውስጥ እየሞቱ ነው፤ እኛ ማን ሆነን እንኖራለን? ሞተሮቹን ለቁራሌው እሸጣቸዋለሁ› አለ። ጋላቢው ሳሙኤል ‹ገደልከኝ!› ብሎ ጮኸበት። ለሚመጣው ስፕሪንግ እንግሊዝ እልክሃለሁ ብሎት ነበር፤ የሚሄድበት ክለብ ተዘጋ። ጋሽ ገብሬ ዝም አለ። እኔ አጨበጨብኩ።»

«አጨበጨብክ?»

«አዎ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ጋራዡ ውስጥ ሳሙኤል ይጠብቃቸው ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ የሜዳው ምርጥ ጋላቢ፣ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው። የወደቀውን ሞተር ከእንቁ ጋር ጎትተው አስገብተው ሸራ አልብሰውታል።

«ስትደርስ መጀመሪያ ወደ ማን ሄድክ?» አለው ሻምበል።

ልጁ አቀረቀረ። «አይፍረዱብኝ ጋሼ። ወደ ሞተሩ። የሚነዳው በሜታኖል ነው፤ ሜታኖል ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ስለዚህ የወደቀ ሞተር ስናይ እጃችን ቀድሞ የነዳጁን መዝጊያ ይዘጋል፤ ልማድ ነው።»

«ዘጋኸው?»

«ተዘግቶ ነበር» አለ ሳሙኤል፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

ሻምበል ሸራውን ገለጠ። የኋላው ጎማ ተጣሟል፤ አንድ ጠርዙ ሲያልቅ ተገልብጦ የተገጠመ፣ ሁለቱም ጎኑ የተላጨ ጎማ ነው። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች የሜዳውን ቀይ አፈር ለብሷል። ካርቡሬተሩ ግን እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያበራል። ታንኩን አስከፈተው፤ ጠብታ የለበትም።

«ሜታኖል ካደረበት ካርቡሬተሩን ይበላዋል» አለ ሳሙኤል ሳይጠየቅ። «ከውድድር በኋላ ነዳጁን አውጥተን በቤንዚን እናጥበዋለን።»

«ካንዴላውን ፍታልኝ።»

ሻምበል በቀዳዳው የሰደደው ቀጭን ሽቦ ወፍራም ዘይት ይዞ ወጣ። አሸተተው። ልጅ ሳለ ሆዱ በደረቀ ቁጥር አፍንጫውን ይዘው ያጠጡት የነበረው የጉሎ ዘይት ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎም ፊቱን አጨማደደው።

«እናንተ ይህን ነው የምትጠቀሙት?»

«እኛ? የምንጠቀመው የፋብሪካ ዘይት ነው። ይሄ ምን እንደሆነም አላውቅም።»

«ዘርይሁን ሞተሩን ብቻውን ያስነሣዋል?»

«ማስነሻ ፔዳል የለውም፤ ከኋላ ሰው መግፋት አለበት። እኔ ሮጬ እዘልበታለሁ። እሳቸው ግን ባለፈው ዊንተር በረዶ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው…» ልጁ ንግግሩን አቋረጠ። «ጋሼ፣ እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«ቅዳሜ ከዚህ ወጥተህ የት ሄድክ?»

«ሪጀንት ፓርክ፣ ቤቴ። ተኛሁ። ያየኝ ሰው የለም።»

ማክሰኞ ጧት ሻምበል ገብረ ክርስቶስን ጄራርድ ጎዳና ላይ ታክሲው ውስጥ አገኘው። መካኒኩ ዓይኑ አብጧል። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የእንግሊዞቹ የስፒድዌይ መጽሔት ተዘርግቷል፤ ስለተዘጉ ክለቦች የሚያወራው ገጽ።

«ቅዳሜ ስትሄዱ ማን ቀረ?»

«ምን አውቄ ሻምበል! ከሁሉም ቀድሜ ነው የወጣሁት። ኤርፖርት ስሠራ አመሸሁ።»

«ሞተሮቹን ማን አጠባቸው?»

«እኔ ከሰኔ ወዲህ ሞተር ነክቼ አላውቅም። ደመወዜን መክፈል ሲያቅተው ‹ሁሉም የራሱን ይጠብ› አለ። ልጆቹ ያጥባሉ፤ ማጠብ ከተባለ።»

«ራሱን ያጠፋ ይመስልሃል?»

ገብረ ክርስቶስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሐዲዱ የሚያልፈውን ስትሪትካር አየ። «ሌላ ምን ይሆናል?» አለ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቄስ ዓለማየሁ መስቀላቸውን ይዘው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የኔነሽ አጠገባቸው ቆማለች።

«ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለ ሻምበል። «ሞተሮቹን የሚወስድ ሰው እስኪመጣ ድረስ በወጉ ይቀመጡ። ሳሙኤል፣ አንዱን አስነሣና አንድ ዙር ነድተኸው አስቀምጥልኝ።»

እንቁ ገፋ፣ ሳሙኤል ነዳ፣ ተመለሰ። መዝጊያውን ዘጋ፣ ሜታኖሉን አወጣ፣ ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠበ፣ ከቆርቆሮ የሚረጭ ነገር ፊሽ ፊሽ አደረገበትና ሸራውን ሊያለብስ አነሣ።

«እንዲህ አድርገህ ልትተወው ነው?» አለ ገብረ ክርስቶስ።

«ጨረስኩ እኮ ጋሽ ገብሬ።»

«ምኑን ጨረስከው! ውስጡ ይዝጋል!» ሽማግሌው ልጁን በክርኑ ገፋ አደረገው። ካንዴላውን ፈታ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ጠርሙስና ማንኪያ አወጣ፣ አንድ ማንኪያ ቀድቶ በቀዳዳው ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። የጉሎ ሽታ ጋራዡን ሞላው።

አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል። ሻምበል ግን ደስ አላለውም።

«አባታችን» አለ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ «ዘርይሁን ራሱን አላጠፋም። የብረት ጫማውን ሁለቴ ቋጥሮ አስሯል፤ ሊታጠፍ ያሰበ ሰው ነው። ሜዳውን ሊሰናበት፣ ለውድድር ስላልሆነም ሄልሜት ሳያደርግ ወጣ፣ የተላጨ ጎማ አንሸራቶ ጣለው።»

«ብቻውን?» አሉ ቄሱ።

«ብቻውንማ በዚያ ጉልበቱ ሞተር አያስነሣም። የገፋው ሰው አለ። ያ ሰው ሲወድቅ አይቶታል፤ ምክንያቱም የነዳጁን መዝጊያ ዘግቷል። ይህን ማንም የስፒድዌይ ሰው ያደርገዋል፤ አልፈርድበትም። ግን በዚያ አልቆመም። ታንኩን አደረቀ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ። ከመውደቁ በፊት ታጥቦ ቢሆን ኖሮ እሱም አፈር ይለብስ ነበር፤ ነዳጅ የሌለው ሞተርም አጥር ድረስ አይሄድም።»

እንቁ ሳሙኤልን አየው። ሳሙኤል ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔም መጀመሪያ ይህን ልጅ ጠርጥሬው ነበር» አለ ሻምበል። «እንቁ ማጠብ አያውቅም። ልጁ ያውቃል፤ ተጣልቷልም፤ የሚመሰክርለትም የለም። ግን ሟቹ ሞተር ውስጥ የጉሎ ዘይት አገኘሁ። ልጁ አሁን ምን እንደሚረጭ አያችሁ። ጉሎ የድሮ እንግሊዞች ልማድ ነው፤ እዚህ ያመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። ገብሬ፣ ከሰኔ ወዲህ ሞተር አልነካሁም ብለኸኝ ነበር።»

ገብረ ክርስቶስ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

«ለቁራሌ እሸጣቸዋለሁ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ሁለት ዓመት በእጄ የያዝኳቸውን። ከዚያ ሁሉም ሲሄድ ‹ገብሬ፣ አንድ ጊዜ ግፋኝና አራት ዙር ልዙር› አለኝ። ገፋሁት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ወደቀ። ጋላቢ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ይነሣል ብዬ አሰብኩ። በስሜ ጠራኝ። ‹ትንሽ ይቅመሰው› አልኩ በሆዴ። ወደ ሞተሩ ሄድኩ።»

«ማጠቡ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለ ሻምበል።

«ግማሽ ሰዓት። እኔ ጋ ትንሽ ይበልጣል። ስጨርስ ዞር አልኩ፤ ዝም ብሏል። የማደርገው ጠፋኝ። ሄድኩ።»

«ራሱን አጠፋ ሲባል ሰምተህ ዝም አልክ» አሉ ቄሱ። «አብሮ አደግህ ያለ ፍትሐት ሊቀበር!»

የኔነሽ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች። ድምፅዋ አልጨመረም።

«ስንት ጊዜ ጠራህ?»

«የኔነሽ…»

«ስንት ጊዜ?»

«እስክጨርስ ድረስ ይጠራኝ ነበር።»

እንቁ ስልክ ፍለጋ ወደ ቢሮው ሄደ። ቄስ ዓለማየሁ ተነሥተው «ፍትሐቱ ነገ ጧት ይደረጋል፤ ራሴ እቀድሳለሁ» አሉ። ሻምበል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የያዛቸውን ሰዎች በዓይነ ሕሊናው አለፈባቸው፤ ይህን ያህል የሚያስጠላ ግማሽ ሰዓት ከማንም አልሰማም። የሚያስረው በየትኛው ሕግ እንደሆነም አያውቅም፤ ይህን የዚህ አገር ፖሊስ ይወቀው።

ፖሊስ እስኪመጣ ገብረ ክርስቶስ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ ካንዴላው ተመልሶ አልተገጠመም። እጁ ከወለሉ ላይ መፍቻውን አነሣ፤ ማንሣቱን ያወቀም አይመስልም።

የኔነሽ ጎንበስ ብላ መፍቻውን ከእጁ ወሰደችው።

«ተወው» አለችው። «ይዛግ።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቄሱን ተከትላ ወጣች።