አሥራ አንድ ቤት

«ይኼ ሁሉ ጫካ ድሮ ባዶ መሬት ነበር» አለ አስጎብኚው፣ አረንጓዴ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ እያደረገ። «ማንም አይኖርበትም ነበር። መንግሥት ከለለውና ጽድ ተከለበት። የታሰበው ለእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነበር። ሰው ለሽርሽር እየመጣ አልወጣም ሲል ግን መንገዱ ተጠረገ፣ አግዳሚ ወንበር ተሠራ፣ ፓርክ ሆኖ አረፈው!»

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳቁ። ጭራሮ አልሳቀችም፤ አልተናደደችምም። ቅጥነቷን አይተው ነው ይህን ስም ያወጡላት። ድሮ ያበሽቃት ነበር፤ አሁን እሱም አይሰማትም። አያቷ ካረፉ ወር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትሰማው ይመስላታል። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንባ ጠብ አላላትም።

ለምሳ ከጽዶቹ መሃል ገላጣ ቦታ ላይ አረፉ። ጭራሮ ቦታውን ገና ሳትቀመጥ አወቀችው። ግማሽ ጎናቸውን አፈር የዋጣቸው ድንጋዮች በአራት ማዕዘን ተደርድረዋል። አምና አያቷ እጇን ይዘው አምጥተዋት ነበር።

«የተወለድኩት እዚያች ጥግ ላይ ነው» አሏት ያኔ። «ሰባት ዓመቴ ነበር ልቀቁ ሲሉን። አሥራ አንድ ቤት ሰው ወንዝ ተሻገረ። አባቴ ግን ተመልሶ መጣ፤ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥሮ። በገዛ ጓሮው የችግኝ ጉድጓድ ቆፈረልሽ!» ብለው ሳቁ፤ ሌላ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው የሚስቁትን ሳቅ።

ወንዶቹ ዳቦአቸውን ሳይጨርሱ ኳስ ጀመሩ። ለጎል የሚሆን ነገር ሲያጡ ከድንጋዮቹ አራቱን ነቅለው ወሰዱ።

«አንቺ!» አለች ጓደኛዋ። አፏ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት። «ያ ያልሽኝ ቤት ድንጋዮች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ ዝም ትያለሽ? ልንገራቸው?»

«ተይ።»

«በናትሽ፣ አንድ ቃል ብቻ!»

«ተይ አልኩሽ እኮ።»

ሬዲዮ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ግን ደቂቃም አልቆየ፤ ወደ አስጎብኚው ዞረች። «ጋሼ፣ እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው?»

«ሽርሽር የመጣ ሰው እሳት ሊያነድ የደረደራቸው ይሆናሉ» አለ እያላመጠ። ክፋት አልነበረበትም። የተሰጠውን ወረቀት ሸምድዶ ነው የሚናገረው፤ ከወረቀቱ ውጪ ሲሆንበት ደግሞ ይገምታል።

ጭራሮ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ለመናገር «ነበሩ» ማለት ይኖርባታል። ስለ አያቷ «ነበሩ» ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሲሆን ተነሣች። ለምን ያኔ እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ሜዳውን አቋርጣ ሄደችና ከጎሉ ድንጋዮች አንዱን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ኧረ ጭራሮ! ጎሉን ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸ በረኛው። ሜዳው በሳቅ ሞላ።

«ጎል አይደለም» አለች። «የቤት ነው። አያቴ እዚህ ነበሩ የሚኖሩት። አሥራ አንድ ቤት ነበር።»

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ከዳር ከዳር እየከሰመ ሄደ። አስጎብኚው ማላመጡን ተወ።

«አሥራ አንድ? ወረቀቱ ላይ የለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌሎቹስ የት የት እንደነበሩ ታውቂያለሽ?»

«ሦስቱን ብቻ ነው ያሳዩኝ። ከዚያ አመማቸው።»

አስጎብኚው ኮፍያውን አወለቀ። ጭራሮ ድንጋዩን ይዛ ሄደች። አሁን ይመጣል ብላ እንባዋን ጠበቀች፤ አልመጣም። ክንዷን ብቻ አመማት። የድንጋዩን ጉድጓድ አገኘችና ተንበርክካ መለሰችው።

ቀና ስትል በረኛው ሌላውን ድንጋይ ሆዱ ላይ አስደግፎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ቆሟል።

«የት ላድርገው?»

እርግጠኛ አልነበረችም። «እዚያ ጋ» አለችው። «ቆይ… ትንሽ ወደ ግራ።»

ከመንገዱ በኩል የአስተማሪዋ ፊሽካ ተነፋ፤ የአውቶቡሱም ሞተር ተነሣ። ጭራሮ ሰማችው። አልተነሣችም።

«አዙረው» አለች። «አፈር የነካው ወገኑ ወደ ታች ነው።»