አንድ ሻርፕ ለሁለት

«እማዬ ሽሮን ዛሬ ሰበታ ልትልካት ነው» አለች ማርያማዊት ከላሊሴ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። ሽሮ ድመቷ ናት። «ሐኪሙ ጭርቱ ከእንስሳ የተላለፈ ነው ስላላት፣ በቃ፣ ድመቷ ናት ያስያዘችሽ አለችኝ።»

የማርያማዊት አንገት ላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ቀልቷል። ላሊሴ አየችውና የራሷን ሻርፕ ወደ ላይ ሳበች።

ያ ቀይ ሻርፕ! የማርያማዊት ቤተሰብ ከአዲስ አበባ መጥቶ እነላሊሴ ሰፈር ቤት ሲከራይ ሁለቱም አራተኛ ክፍል ነበሩ። የገፈርሳ ግድብ ነፋስ ለአዲስ መጤ አይራራም። ላሊሴ በየጠዋቱ የሻርፑን አንድ ጫፍ ታካፍላት ነበር። እርምጃቸው እኩል ካልሆነ አንዷ ሌላዋን ታንቃለች። ተናንቀውም ስቀውም በመጨረሻ እኩል መርገጥ ለመዱ። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር! አሁን ስምንተኛ ክፍል ደርሰውም ብርድ ሲጠና ያንኑ ያደርጋሉ። ከሁለት ሳምንት በፊትም አድርገውት ነበር።

ላሊሴ ግን ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረባት። ሜዳው ሁሉ ቤት ከሆነ ወዲህ ለላሊሴ ቤተሰብ የቀሩት አንዲት ላምና ጥጃዋ ቦራ ብቻ ናቸው። ላሊሴ ቦራን አንገቷን ሳታቅፍ ትምህርት ቤት አትሄድም። ከወር በፊት ከብት የሚያክሙት ኦቦ ዲሪርሳ ከቦራ ዓይን ዙሪያ የረገፈውን ጸጉር አይተው «ጭርት ነው፤ ሰውም ይይዛል፣ እንዳታቅፊያት» ሲሏት፣ የእሷ አንገት ቀድሞ ቀልቶ ነበር። ለማንም ሳትናገር ነጭ ሽንኩርት አሸችበት።

«ወጥ ቤት ነው እንዴ ያደርሽው?» ብላ ማርያማዊት ስትስቅባት አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ? አምና ጭርት የወጣበትን ልጅ ክፍሉ በሙሉ ሸሽቶት ዓመቱን ብቻውን ተቀምጦ ነው የጨረሰው።

ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ የማርያማዊት እናት እትዬ ብርቅዬ ድመቷ የምትላክበትን ካርቶን በቢላ እየበሱ ነበር። ሽሮ ምንም ሳታውቅ እግራቸው ስር ትሻሻለች።

ላሊሴ ሻርፑን ፈታች።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ድመቷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ከጥጃችን ነው የያዘኝ።»

«ሻርፑን ስትሰጪኝ ታውቂ ነበር?» አለች ማርያማዊት።

«አውቅ ነበር።»

ማርያማዊት ድመቷን አንስታ ገባች። በሩንም ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ላሊሴ አንገቷን ቅባት ተቀብታ፣ ያለ ሻርፕ፣ እዚያው በር ላይ ቆመች። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ልትመለስ ስትል በሩ ተከፈተ። ማርያማዊት ወጣች። በመንገዱ ማዶ ብቻዋን መራመድ ጀመረች።

ላሊሴ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ቀኝ እግሯን ከማርያማዊት ቀኝ እግር ጋር እኩል አነሳች።