የሱሃይላ ሶፋ

አዳማ ውስጥ፣ ከወንጂ መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለች። አቶ ማናሴ በስኳር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሸንኮራ መፍጫ ጋር ሲታገሉ ኖረው ያቆሟት ቤት ናት። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋወርቅ ጋር ያፈሩት ነገር ቢኖር ይህችው ቤት ነበረች። የቤት ግብራቸውን በየዓመቱ ማንም ሳይቀድማቸው ይከፍላሉ፤ ደረሰኙንም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖራሉ። ታዲያ ሰው በገዛ ጣሪያው ሥር በሰላም እንዳያረጅ የሚከለክለው ምንድን ነው?... ከሁለት ዓመት ወዲህ የአቶ ማናሴ ልብ ታመመ። ጡረታቸው መድኃኒቱን ለመግዛት እንኳ ተጎትቶ ነው የሚደርሰው። በዚህ ላይ የቤቱ ግምት ተከልሶ የዘንድሮው ግብር ከፍ ብሎ መጣ፤ የመብራቱና የውሃውም ሂሳብ ተጠራቀመ።

ቀበሌው ለአቅመ ደካሞች የድጋፍ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱን የያዘ ሰው ከግብሩ ነፃ ይሆናል፣ መድኃኒቱንም ያለ ክፍያ ያገኛል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ከራሳቸው ጋር ተሟግተው በመጨረሻ ተመዘገቡ። ማክሰኞ ዕለት ኮሚቴ መጥቶ ቤታቸውን አይቶ እንደሚወስን ተነገራቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ልባቸው ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማክሰኞ እንግዳ ይመጣል። ሳሎኑ ውስጥ ከሁለት የእንጨት ዱካ በቀር ምንም የለም፤ ቁምሳጥኑም ፍሪጁም ለመድኃኒት ተሽጠዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው እንዴት ይቀበላሉ? ጎረቤታቸውን ሱሃይላን ሶፋዋን፣ ምንጣፏንና ብርጭቆዎቿን እንድታውሳቸው ለመኗት።

«እትዬ ሸዋ፣ ሰዎቹ የሚመጡት እኮ ችግራችሁን ሊያዩ ነው» አለቻቸው ሱሃይላ፣ ሶፋውን በአንድ ወገን ይዛ።

«ችግሬን በአፌ እነግራቸዋለሁ። መቀመጫ ግን መስጠት አለብኝ።»

ማክሰኞ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቀልቤሳ የሚባል ወጣት መምህር፣ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። አቶ ማናሴ በሠርጋቸው ቀን የለበሱትን ኮት ለብሰው፣ በትራስ ተደግፈው ጠበቁት።

«አካም ጅርቱ አባባ፣ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ልጄ፣ ምን ጎደለን።»

ለሚጠይቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁም «ትንሽ ድካም ነው» አሉ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ችግራቸውን ሊናገሩ ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስት ጊዜም «ብሉ እንጂ» የሚል ቃል ወጣ። በዱቤ የመጣው ጥብስ አለቀ፣ ለስላሳውም ተጠጣ። ቀልቤሳ ከግቢው ሲወጣ ቅጹ ላይ «አቅም አላቸው» ብሎ ጻፈ።

ውሳኔው ሲነገራቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅ አላለቀሱም፣ አቤትም አላሉም። ሶፋው የሰው ነው ብለው መናገር ከድህነቱ ይብስባቸው ነበር። የግብሩ ቀን ሊያልፍ ሲል አቶ ማናሴ የመድኃኒቱን ገንዘብ ከትራሳቸው ሥር አወጡ።

«እንኪ ሸዋ፣ ግብሩን ክፈይ። ዕዳ ባለበት ቤት ውስጥ አልሞትም።»

«መድኃኒቱስ?»

«የቀረችኝን አንድ ቀን እያሳለፍኩ እውጣታለሁ።»

ተከፈለ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እየዋጡ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ከረሙ። ሁለቱም መጨረሻውን ያውቁ ነበር። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ባጋለው አንድ ከሰዓት አቶ ማናሴ ውሃ ጠየቁ። ውሃው ሲመጣላቸው ግን አልጠጡትም።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሰው መጣ፣ ደረት ተመታ... የወይዘሮ ሸዋወርቅ ዓይን ግን ደረቅ ነበር። አልጋው አጠገብ ዱካው ላይ የቀረውን ያን ውሃ መድፋት ይኖርባቸው እንደሆነ ብቻ ያስቡ ነበር። ለሦስት ቀን አልደፉትም።

በሦስተኛው ቀን ቀልቤሳ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር ወደ ሳሎን ገባ፤ ባዶ መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌን ብቻ አገኘ።

«እማማ... ሶፋው የት ሄደ?»

«የሱሃይላ ነው። እናንተ ስለምትመጡ ነበር ያስገባሁት።»

ቀልቤሳ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለ። «ምነው ያኔ በነገሩኝ» አለ።

«እየበላህ ነበር እኮ ልጄ።»

ከአርባው በኋላ ወረቀቱን ራሱ ይዞላቸው መጣ። ማኅተሙ ገና አልደረቀም፤ ከግብር ነፃ፣ መድኃኒትም በነፃ ይላል። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ተቀብለው በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ባለቤታቸው ባስከፈሉት የመጨረሻ ግብር ደረሰኝ ላይ አኖሩት። ሰዎች ይህን ዕጣ ፈንታ ይሉታል። የአንድ ከሰዓት ጨዋነት የሰው ዕድሜ የሚያሳጥር ከሆነ ዕጣ ፈንታ ማለት ምን ይሆን? እንጃ... እሳቸውም አልጠየቁም፤ መጠየቅ የሚችለው ልባቸው ከዚያ ውሃ ጋር ቀርቷል።

ቀልቤሳ ሊሄድ ተነሣ።

«በባዶ አፍህ ከቤቴ አትወጣም» አሉት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ተጣሩ።

«ሱሃይላ፣ እስቲ ብርጭቆ አቀብዪኝ። እንግዳ መጥቶብኛል።»