ሐይቅ አንቱ ይባላል

«እሺ፣ ሐይቁ ተነስቶ ሄደ እንበል። ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይቀራል?»

እማማ በለጡ የልጅ ልጃቸውን ትሕትናን ይህን የጠየቁት የሚለቅሙትን ምስር ሰፌዱ ላይ እንዳለ ትተው ነው። ጥያቄው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸውን አስደነገጣቸውና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ቴአትር እኮ ነው፣ እምዬ» አለች ትሕትና።

«ቴአትርስ ቢሆን! ወፎቹስ? ከብቱስ? የዘንገና ሰው ጠዋት ተነስቶ ባዶ ጉድጓድ ቢያይ ምን ይውጠዋል?»

ነገሩ የወጣው በዱቄት ነው። ትሕትና ሦስት ሳምንት ሙሉ «ማጠናከሪያ አለን» እያለች ከትምህርት ቤት አምሽታ ትገባ ነበር። አያቷም አምነዋት ነበር፤ እንዲያውም ራት ሲቀርብ «ለሚማር ሰው ነው» እያሉ ድርሻዋን ያበዙላት ነበር። ዛሬ ግን ሹራቧን ሊያጥቡ ሲያራግፉት ነጭ ብናኝ ቦነነ። አሸተቱት። የበቆሎ ዱቄት ነው፤ ያውም የቆየ። ሹራቡን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ትምህርት ቤታችሁ ወፍጮ አስተከለ እንዴ?»

ልጅቷ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለችም። ወፍጮው ያለው ትምህርት ቤት ሳይሆን ከእንጅባራ መናኸሪያ ጀርባ ነው። ሞተሩ ከተነቀለ አራት ዓመት ሆኖታል። ቴአትር የተማረ ፀጋው የሚባል ወጣት ቤቱን ተከራይቶ፣ አርባ የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ፣ በሩ ላይ «ወፍጮ ቤት ቴአትር» ብሎ በእጁ ጽፎ ሰቅሎበታል። ግድግዳው ታጥቦ ጸድቷል። ጣሪያው ሥር፣ አግዳሚዎቹ ላይ የተኛውን ዱቄት ግን ማንም አልነካውም፤ ተዋናይ ጮክ ብሎ በተናገረ ቁጥር ከላይ ይረግፋል።

ቴአትሩም ከቤቱ የባሰ ነው። የዘንገና ሐይቅ አንድ ቀን እዚያው ተኝቶ መኖር ይሰለቸውና ተነስቶ በባጃጅ እንጅባራ ይገባል፤ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ። የሚመጣው በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለች ልጅ መስሎ ነው። ያቺ ልጅ ትሕትና ናት።

ትሕትና አያቷን ለማሳቅ ብላ የአከራይዋን ንግግር በቃሏ ወጣችላቸው፤ ቁልፍ ጣቷ ላይ የምታሽከረክር መስላ፣ አፏን አጣማ፦

«‹ስንት ናችሁ? ብቻሽን ነሽ? እንግዳስ ይበዛብሻል?› ትለኛለች። ‹ወፎች ይመጣሉ› እላታለሁ። ‹ወፍ አላስገባም! ደግሞ ውሃ ለብቻ ነው የሚከፈለው። የሚመጣውም ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ስትታዪ ውሃ የምታባክኚ ትመስያለሽ!› ትለኛለች።»

እማማ በለጡ አልሳቁም። «አንቺ ነው የምትለው? ሐይቁን?»

«አዎ፣ አከራይ አይደለች?»

«በስመ አብ! እኛ ልብስ ልናጥብ ወደ ዘንገና ስንወርድ እናታችን መጀመሪያ ‹እንዴት አደሩ› በሉ ትለን ነበር። መንገድ ሙሉ በአገውኛ ስትቆጣን ትመጣና እዚያ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ሐይቅ አንቱ ይባላል፣ ልጄ። ከእኛ በፊት የነበረ ነገር አንቱ ነው።» ወደ ምስራቸው ተመለሱ፤ ግን አንድም ፍሬ አልለቀሙም። «እኔ ደግሞ ለሚማር ሰው ብዬ ነበር ያበዛሁልሽ» አሉ ቀስ ብለው።

ትሕትና አንገቷን ደፋች። ከቁጣው ይልቅ ይህ ነው ያሳፈራት። «ይቅር ይበሉኝ፣ እምዬ። ብነግርዎት ይከለክሉኛል ብዬ ነው።»

«እከለክልሻለሁ እንጂ! ሰው ፊት ቆመሽ እንደዚያን ቀን...» አሉና ቀሪውን ዋጡት።

እንደዚያን ቀን ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ትሕትና ስድስተኛ ክፍል ሳለች በወላጆች ቀን ግጥም ልታነብ ወጥታ ነበር። ሁለት መስመር አለችና ሦስተኛው ጠፋባት። ቆመች። ሜዳው ሙሉ ሰው ጠበቃት፤ እሷም ቆመች። ወንድዬ የሚባል የክፍሏ ልጅ «ኔትወርክ የለም!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ስሙም በዚያው ተጣበቀባት፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ እንኳ አልለቀቃትም። እማማ በለጡ ያን ቀን ከሕዝቡ መሐል ወጥተው ልጃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቤት ወስደዋታል። መሸፈን ነው የሚያውቁት፤ ምን ያድርጉ።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ተጨንቆ ነበር። ቴአትሩ ለእሑድ ተለጥፏል፤ መጨረሻው ግን ገና አልተጻፈም። ፀጋው ሦስት መጨረሻ ሞክሯል። በአንዱ ሐይቁ ክፍሉ ውስጥ ይደርቃል። በሌላው አከራይዋን ያሰጥማታል። በሦስተኛው በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል።

«ይሄኛው ማስታወቂያ ነው የሚመስለው» አለች አከራይዋን የምትጫወተው አፊያ። የትሕትና የልብ ጓደኛ ናት። አባቷ ጋሽ ሸዕባን ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰማያዊውን ጨርቅ ያዋሱትም እርሳቸው ናቸው። «ደግሞ አባቴ ጨርቁ ዱቄት ከነካው ቆዳዬን ነው የሚገፈኝ። እባካችሁ ቶሎ ጨርሱት።»

«አያቴ አንድ ነገር ጠየቁኝ» አለች ትሕትና። «ሐይቁ ከሄደ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይቀራል? አሉ።»

ፀጋው እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችለት። የአንቱውንም ነገረችው። ፀጋው አፊያን «እስቲ አንቱ ብለሽ በይው» አላት።

አፊያ ትከሻዋን ሰብቃ፣ ቁልፏን ማሽከርከር ጀመረች። «ስንት ናችሁ? ብቻዎን... ብቻዎን ነዎት?» ቁልፉ ጣቷ ላይ ቆመ። ድምጿ ሳታስበው ዝቅ ብሎ ነበር። «ኧረ! ሰውነቴን ወረረኝ። ይሄ ነገር ይነፋል!»

መጨረሻው በዚያ ከሰዓት ተጻፈ። አከራይዋ እስከዚያ ድረስ አንቺ ስትል ትቆያለች። ከዘንገና ስልክ ይደወልላታል፤ ሐይቁ ጠፍቷል ይሏታል። ያኔ ክፍሏን ያከራየችው ለማን እንደሆነ ይገባትና ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብላ የእማማ በለጡን ጥያቄ ትጠይቃለች። ሐይቁ አይመልስም። ብዙ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ቤቱን ለቆ ይሄዳል።

«ምን ያህል ነው ብዙ?» አለች ትሕትና።

«ሰው እስኪጨንቀው» አለ ፀጋው። ፊቷን አየና ወረቀቱን አስቀመጠ። «ከከበደሽ ‹ደህና ሁኑ› በይና ውጪ። መቼ እንደሚበቃ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ማታ ነገሩን ለአያቷ ስትነግር እማማ በለጡ ብድግ አሉ።

«ዝም ብለሽ ልትቆሚ? ደግሞ? ሰው ፊት?»

«አዎ።»

«ምነው፣ ሌላ ነገር አጥተው ነው? ዘፈን የለም? ስንት የሚባል ነገር እያለ!»

«እምዬ፣ ያኔ ዝም ያልኩት ስለጠፋብኝ ነው። አሁን ግን ምን እንደምል እያወቅሁ ነው ዝም የምለው።»

እማማ በለጡ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ባጃጆቹ አነዳድ፣ ፕላስቲክ ወንበር ሰው ይዞ ስለመሰበሩ። «እኔ አልመጣም። ልቤ አይችልም። ውስጡን ሹራብ ልበሺ፤ ያ ጨርቅ ብርድ አይከለክልም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርባው ወንበር ሞልቶ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ትሕትና በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቀች። ጋሽ ሸዕባን ከፊት ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወንድዬ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቆሎ ይቆረጥማል። አያቷን ፈለገች። የሉም።

«ፈታ በይ» አለቻት አፊያ፣ የአከራይ ሻሿን እያጠበቀች። «አባዬን አይተሽዋል? ሰው ሁሉ ጨርቁን እያየ የት እንደሚሸጥ ይጠይቀኛል ብሎ ነው ፊት የተቀመጠው።»

ትሕትና ገባች። ሰማያዊው ጨርቅ ከኋላዋ መድረኩን ሙሉ እየተሳበ መጣ፤ መጨረሻ የሌለው ይመስል ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው መሐል ከወደ በሩ አንድ ድምፅ፣ በሹክሹክታ የተናገረ መስሎት፣ ለሁሉም ተሰማ፦

«ሐይቁ የኔ ልጅ ናት።»

ሰው ሳቀ። ትሕትና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፈነች። አልመጣም ያሉት ሴትዮ በር አጠገብ የመጨረሻው ወንበር ላይ ናቸው፤ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሸም ያደርጋሉ። «እዚህ ነው አጠናለሁ ስትለኝ የነበረው» ይላሉ፣ ራሳቸው የላኳት ይመስል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። «ውሃ ለብቻ ነው» ሲባል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «ወፍ አላስገባም» ሲባል ጋሽ ሸዕባን እንባቸውን ጠረጉ። ዱቄቱ ከላይ ረገፈ፤ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለውና አጨበጨበ። ትሕትና ደረቷ ሲሰፋ ተሰማት። እንዲህ ያለ ነገር እንጅባራ አይቶ አያውቅም፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የቆመችው እሷ ናት።

ከዚያ ስልኩ ጠራ።

«ሄሎ? ከየት? ከዘንገና?» አፊያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ምን ጠፋ? ሄሎ?» ቀስ ብላ አወረደችው። ወደ ትሕትና ዞረች። ቁልፉ ጣቷ ላይ አልተሽከረከረም። «አንቱ... ጉድጓድዎ ውስጥ ምን ቀረ?»

ትሕትና ዝም አለች።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። በልቧ አስር ቆጠረች። ሰው ጠበቀ። ሃያ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሠላሳ። ከሦስተኛው ረድፍ የቆሎው ድምፅ ቆመና ወንድዬ ቀስ ብሎ፣ ግን ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «ኔትወርክ የለም» አለ።

እዚህም እዚያም ሳቅ ፈነዳ። ያ ሜዳ እንዳለ ተመልሶ መጣባት። «ደህና ሁኑ» ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሁለት ቃል ብቻ፤ ብላው ብትወጣ ማንም አያውቅም። አፏን ከፈተች።

በር አጠገብ ያለው ወንበር ድምፅ አሰማ። እማማ በለጡ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሊመጡ ነው አለች ትሕትና በልቧ፤ በነጠላቸው ሊሸፍኗት፣ ሊወስዷት። እርሳቸው ግን አንድ እርምጃ አልተራመዱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ታላቅ ሰው ሲያልፍ እንደሚደረገው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ባሉበት ቆሙ።

ጎረቤታቸውም እርሳቸው ቆመው እሷ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ተነሳች። ከፊት ጋሽ ሸዕባን ዞር ብለው አዩና ኮፍያቸውን ነክተው ተነሱ። ወንበሮቹ እየተጋጩ፣ ሰው ረድፍ በረድፍ ተነሳ። በመጨረሻ የተቀመጠው ወንድዬ ብቻ ሆነ። ግራ ቀኝ አየ፤ የቆሎ መያዣውን ኪሱ ውስጥ ከተተና እሱም ቆመ።

ሳቁ መቼ እንደጠፋ አልታወቀም።

ትሕትና አፏን ገጠመች። ቃሏን ዋጠቻት። መቁጠሩንም ተወችው፤ ዝምታው አሁን የሷ ነበር፤ እንደ ጨርቁ ልትዘረጋውም ልትሰበስበውም ትችላለች። እስኪበቃት ቆመች። ከዚያ ሰማያዊውን ጨርቅ በክንዷ ሰብስባ ከመድረኩ ወረደች፣ በቆመው ሰው መሐል ቀስ ብላ አለፈች፣ አያቷ ጋ ስትደርስ ብቻ አንገቷን ትንሽ ዝቅ አደረገች። እማማ በለጡ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው አልሰደዱም።

በሩን ከፈተች። ውጭ አንድ ባጃጅ ሰው እየጠበቀ ቆሟል። ከኋላዋ ማንም አላጨበጨበም፣ ገና። ሁሉም ወደ ባዶው መድረክ ዞሮ ነበር።

ትሕትና አንድም ቃል ሳትናገር ከወፍጮ ቤቱ ወጣች።