የሟች ተራ

ማንጠግቦሽ ጠዋት ጠዋት የቦኖውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ትከፍትና ከድንጋዩ ካብ ጥግ ተቀምጣ ውሃው ሲወርድ ታዳምጣለች። ዝናብ ከቀረ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ድሮ እየተንዶለዶለ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን እንደ ሽማግሌ ሽንት ቆም ቀጠል እያለ፣ አንዱን ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በመንደሩ ጀሪካን ማለት ባለቤቱ ነው። አንዴ ከተሰለፈ፣ ባለቤቱ ቢታመምም ቢሞትም ቦታውን የሚነካ የለም። የሰፈሩን ሽማግሌ የአያ ይርዳውን ጀሪካን ጎንበስ ብለው «እንደምን አደሩ» የሚሉ ቀልደኞችም ነበሩ።

ዛሬ ሁለተኛው ጀሪካን የአንድ የቆላ ሰው ነበር። ከብቶቹ አልቀውበት፣ ወንዙ ደርቆበት፣ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ከሲታ ሰው ነው። የማንጠግቦሽ ጀሪካን ስድስተኛ ነው። ቤቷ ውስጥ ልጇ ውቢት በትኩሳት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተኝታለች፤ የዛሬው ውሃ ደግሞ ከሁለት ጀሪካን እንደማያልፍ ማንጠግቦሽ ከድምፁ አውቃለች።

«ውሃው ለሰፈሩ ሰው ነው» አለች ተነስታ።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለ ሰውዬው።

ጀሪካኑን በእርግጫ ወረወረችና የራሷን በቦታው አስቀመጠች። ሰውዬው እጇን ሲይዝ አያ ይርዳው በዱላቸው ግንባሩን አሉት። ከዚያ ሁሉም ድንጋይ አነሳ። አጥንቱ ደረቅ ቅል ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አሰማ፤ ከቦኖው ሥር ያለው ጭቃ ቀላ፤ ሰውዬው መጮህ ካቆመ በኋላም ዱላው አላቆመም። ሬሳውን ጎትተው ገደል ከተቱትና እጃቸውን በአቧራ አሻሽተው ወደየተራቸው ተመለሱ። ማንጠግቦሽ አፈረች፤ ግን ጀሪካኗን አላነሳችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተራዋ ደረሰ። ውሃው ወደ ጀሪካኗ ሲወርድ ምንም ድምፅ አልነበረውም፤ ጆሮዋን ብታስጠጋም የሰማችው የደከመ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደም ደም የሚል ሽታ ከነጠላዋ መጣ፤ ነጠላዋን ገልጣ ብታይ ንጹሕ ነው። ቁልፉን ለመንካት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። አልነበረም።

«ማንጠግቦሽ ወዴት ሄደች?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«አሁን ወደ ቤቷ ስትገባ አየኋት» አሉ አያ ይርዳው።

«ኧረ እዚህ ነኝ!» አለች። ሁሉም ዞረው አዩአት፣ ቅድም ሰውዬውን ባዩበት ዓይን።

ጀሪካኑን አንጠልጥላ በጥድፊያ ተነሳች። መንገዱ የምታውቀው ነው፤ ውሾቹ ግን ፍርፋሪ የምትሰጣቸውን ሴት እንደማያውቁ ሆነው ጥርሳቸውን አገጠጡባት። ከግንባሯ ላይ ሙቅ ነገር ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከኋላዋ ዱላ እየጎተቱ የሚከተሉ እግሮች፣ ድንጋይ ከመሬት ሲነሳ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ዞር አላለችም። ውቢት አንድ ጊዜ እንኳ ብትጎነጭ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው ብላ ሮጠች።

በሩ ገርበብ አለ። ውቢት መቃኑን ተደግፋ ብቅ አለች።

«ውሃ አምጥቼልሻለሁ፣ ልጄ» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን የዚያ የቆላ ሰው ጎርናና ድምፅ ነበር።

ልጅቷ አፈግፍጋ ወደ ውስጥ ዞረች። «እማዬ፣ አንድ የማላውቀው ሰውዬ መጥቷል። ግንባሩ ይደማል።»

ከጓዳው በኩል የማንጠግቦሽ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ጀሪካኑን ተቀበይውና በሩን ዝጊው፣ ልጄ» አለ።