የክትባቶቹ ብርድ ልብስ

ዶክተር ዌንደል ሃርጊስ ክሊኒኩ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሞቶ የተገኘ ዕለት፣ በዚህች የካሊፎርኒያ ተራራማ ከተማ አንድ ሺህ ዳኛ ተፈጠረ። ሁሉም ፈረደበት።

እዚህ ልጅ ሳይከተብ ትምህርት ቤት አይገባም። ክትባት የሚጎዳው ሕመምተኛ ልጅ ካለ ሐኪም ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ይጽፍለታል። አንዳንዱ ሐኪም ለጠየቀው ሁሉ ሲጽፍ ስለተገኘ፣ አሁን የመንግሥት ሐኪሞች ፈቃዱን መልሰው ይመረምራሉ። ሃርጊስ ፖዚ ለምትባል ሕፃን የጻፈው ፈቃድ ሊመረመር ነበር፤ ጠቋሚ ተገኝቶበታል። ሬሳው አጠገብ የልብ መድኃኒቱ ባዶ ዕቃና እስከ ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ሟሙቷል። በቃ! ለወዳጁ ልጅ የጻፈው ውሸት ሊጋለጥበት ሲል ራሱን አጠፋ ተባለ።

መርማሪ ይኔዝ ባራጋን ወሬውን ሁሉ ሱፍ እየቆረጠመች ሰማች። ዓይኗ ግን ጠርሙሱ ላይ ነበር፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀብቷል። ነርሷን ደልፊንን ጠራቻት።

«ይሄ ነጥብ ምንድን ነው?»

«ውይ! ይሄማ ከክትባቱ ፍሪጅ ነው!» አለች ደልፊን። «የሚጠጣ አይደለም እኮ። መብራት ቢጠፋ፣ በሩ ቢከፈትም ቅዝቃዜው እንዳይዋዥቅ ውሃ እንደረድርበታለን። ነጥቡ 'አትንኩ' ማለት ነው። አንዷ ጠርሙስ ከቦታዋ ከተነቃነቀች ዶክተር ያብድ ነበር።»

«ሊሞት የቆረጠ ሰው ምን ገዶት?»

«የቧንቧ ውሃ እጁ ሥር እያለ? ሊሞትም ቢሆን ክትባት አያበላሽም!» አለችና አለቀሰች።

ይኔዝ ከዚያ በኋላ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ክፍል ያዘችና የቀሩትን በየተራ አስገባች። መጀመሪያ የገባው የክሊኒኩ ባልደረባ ዶክተር ኒል ስትራንድ ነው። ለጠየቀው ሁሉ ፈቃድ ሲጽፍ ተገኝቶ መጻፍ የተከለከለው እሱ ነበር።

«አዎ፣ ቀንቼበታለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «እኔ ስጽፍ አጭበርባሪ፣ እሱ ሲጽፍ ቅዱስ! እናቶቹ ሁሉ 'ዶክተር ሃርጊስ ካላየው' ይሉኛል። መቅናት ያሳስራል እንዴ?»

«እስካሁን አላሳሰረም። ጠማኝ ዶክተር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይኖር ይሆን?»

«ቀዝቃዛ እንኳ የለንም» ብሎ ከቧንቧ ቀዳላት።

ቀጥላ ቴስ ኦደም ገባች፣ ከተማው ሁሉ የዶክተሩ ወዳጅ የሚላት። ፖዚ ቀሚሷን ይዛለች። ሕፃኗ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮፍያ እስከ ጆሮዋ ደፍታለች።

«ማታ ማታ ቤትሽ ይመጣ ነበር አሉ።»

«ለልጄ ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«ዝም ካልሽ ፈቃዱ ይሰረዛል። ወይ ትከተባለች ወይ ቤት ትቀራለች።»

«አውቃለሁ» አለች ቴስ። የልጇን ኮፍያ አስተካከለች።

«ቀዝቃዛ ውሃ ይገኝ ይሆን?» አለች ይኔዝ።

«ፍሪጅ ውስጥ ያለው አይጠጣም!» አለች ፖዚ ቆጣ ብላ። «የክትባቶቹ ብርድ ልብስ ነው። ዶክተር ነግሮኛል።»

መጨረሻ የገባችው ሚስቱ ሎሬይን ናት። የወላጆች ማኅበር ሊቀመንበር ነች፤ የክትባቱ ሕግ እንዲጠነክር ዋና ከተማ ድረስ ሄዳ የተከራከረች ሴት።

«ስንት ደጅ ጠንቻለሁ!» አለች። «መከተብ ለማይችሉት፣ ለእውነተኞቹ ሕመምተኞች ስል። የገዛ ባሌ ግን ለውሽማው ልጅ ፈቃድ ይጽፋል! አዎ፣ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ያቺን ኮፍያ አይተዋታል? እሱ ነው የገዛላት። ለእኔ አንድ ሻርፕ ገዝቶልኝ አያውቅም!»

«እዚህስ ይመጡ ነበር?»

«ምን ልሠራ? ክሊኒኩ ወደዚህ ሕንፃ ከገባ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። እሷን ላገኝ?»

«አይ፣ እውነትዎን ነው። ይቅርታ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቀዝቃዛ ውሃ ይገኝ ይሆን?»

የሕፃኗ ኮፍያ ከሎሬይን ልብ አልወጣም። እንደ ተናደደች ብድግ አለች፤ በኮሪደሩ ሄደች፤ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ተመልሳ ጠርሙስ ሰጠቻት። «ይኸው።»

ይኔዝ አመስግና ተቀበለች። አልጠጣችውም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ የስትራንድ ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ሃርጊስ ቀይ ነጥብ ቢያይ አይጠጣም» ብላ ጀመረች ይኔዝ። «ስለዚህ ጠርሙሱን አላየውም። ሌላ ሰው መድኃኒቱን በብርጭቆ በጥብጦ ሰጠው። ሲሞት ብርጭቆውን አጠበ፤ የተረፈውን መድኃኒት ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሮ አጠገቡ አኖረው፣ ራሱ የጠጣ እንዲመስል። ይህን ያደረገው የነጥቡን ትርጉም የማያውቅ ነው። ደልፊንና ዶክተር ስትራንድ ያውቃሉ። ፖዚ ታውቃለች፤ ዶክተሩ ሲነግራት እናቷም አብራት ነበረች። ማን ቀረ?»

ሁሉም ዞሩ።

«ውሃ ማምጣት ወንጀል ሆነ?» አለች ሎሬይን።

«ማምጣቱስ አይደለም። ግን ያመጡልኝ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ደጁን ረግጠው የማያውቁ ሴት ወጥ ቤቱን አልፈው፣ ምንም ያልተጻፈበትን የጓዳ በር ከፍተው፣ ፍሪጁን ማንን ጠይቀው አገኙት?»

ሎሬይን ትንሿን ወንበር ወደ ኋላ ገፋች። ከዚያ ፈነዳች።

«ለመንኩት! 'ከሷ ጋር ምን አለህ?' ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። 'ልነግርሽ አልችልም' አለኝ። አልችልም! ይሄ መልስ ነው? የታረቀች ሚስት መስዬ ብርጭቆውን ሰጠሁት፣ አመስግኖኝ ጠጣ!»

ቴስ ተነሳችና የልጇን ኮፍያ ቀስ ብላ አወለቀች። የፖዚ ራስ ላይ የጫጩት ላባ የመሰለ ፀጉር ገና ብቅ ብቅ ብሏል።

«የደም ካንሰር ነው» አለች ቴስ። «ሌላውን ልጅ የሚያድን ክትባት እሷን ሊገድላት ይችላል። ማታ የሚመጣው ትኩሳቷን ሊያይ ነበር። ሰው እንደ ምስኪን እንዳያያት ብዬ አስምዬው ነበር። ለማንም እንዳትናገር አልኩት።»

«ለእኔም?» አለች ሎሬይን።

«ለሚስትህም አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።» ቴስ እንባዋን ጠረገች። «አሁን ለመንግሥት ሐኪሞቹ እናገራለሁ። ፈቃዷ አይነካም።»

ይኔዝ ክንዷን ስትይዛት ሎሬይን አልተነቃነቀችም። ያቺን ትንሽ ራስ ትክ ብላ ታይ ነበር።

«በየስብሰባው ስለሷ ነበር የምናገረው» አለች። «እሷ መሆኗን አላውቅም ነበር እንጂ።»