ዓዲላን ያሸው እጅ

ዓዲላ ከወለደች ገና አስራ ስምንት ቀኗ ነበር። ጠዋት ውሃ ልትጠጣ ተነሳች፤ ትንፋሽ አጠራት፤ እዚያው አራስ አልጋዋ ላይ ወድቃ ቀረች። ኢንስፔክተር ሰብሪና ከከሚሴ ስትደርስ ሬሳው አልታጠበም፤ ሁለት ፖሊሶች ግን ወጌሻዋን ዘይቱናን ይዘው መኪናው አጠገብ ቆመዋል።

«ይች ናት!» አለች የሟች አማት መሪማ፣ ደረቷን እየደቃች። «እጇ ካረፈባት ወዲህ ነው እግሯ የባሰው!»

«አፍሽን ጠብቂ፣ መሪማ» አለች ዘይቱና። «ሰላሳ ዓመት ስብራት ስጠግን አንድ ሰው አልሞተብኝም። ዳሰስኳት፤ ግራ ባቷ ብቻ አብጦ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ይሄ የጅማት አይደለም፣ አላሽም፣ ጤና ጣቢያ ሸምሱ ጋ ውሰዷት ብዬ መለስኳት። አለቀ!»

ሰብሪና ጨርቁን ገለጠች። ያበጠው ባት በዘይት ያብረቀርቃል።

«ዛሬ ማን አሻት?»

«እኔ ነኝ» አለች መሪማ። «ሐኪሙ እሹ ካለ ምን ላድርግ? በቀን ሦስቴ፣ በሞቀ ዘይት። ‹ነ ዱኩባ፣ አመመኝ› እያለች ስታለቅስ እንኳ፣ ቻይው ልጄ እያልኩ…» ከትራሱ ስር አንድ ወረቀት አወጣች። «ይኸው። ማንበብ ባልችልም ስዕሉን አያለሁ።»

ወረቀቱ ላብ አወይቦት እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። የሰው ምስልና የሚያሽ እጅ ተስሎበታል፤ ምስሉ ላይ አንድ ቦታ በእስክሪብቶ ተከቧል። ሰብሪና ክቡን ትክ ብላ አየችውና ወረቀቱን ያዘችው።

የሟች ባል ሙሀመድአሚን ጥግ ተቀምጧል። ለእንግዳዋ በርጩማ ሲያቀርብ በግራ እጁ ጎተተው።

«ቀኝህን ምን ሆንክ?»

«ወንጭፍ ነው። ማሽላው እሸት ሆኗል፣ ወፉ እንደ ደመና ነው የሚወርደው። ከማማ ላይ ስወነጭፍ ነው የምውለው።»

«ሸምሱ ጋ ማን ወሰዳት?»

«እኔ፣ የዛሬ አምስት ቀን። እሷ አማርኛ አትሰማም፣ እሱ ኦሮምኛ አይሰማም። እኔ አስተረጎምኩ።»

ሰብሪና ሸምሱን አስጠራችው። መጥቶ ሁሉም ሬሳው ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ «ምን ነበር ያልካት?» አለችው።

«አትታሽ፣ ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ትሂድ። አራስ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ከፈጀ የረጋ ደም ይጠረጠራል። ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ይዘጋል። ለደሴ ጽፌ ወረቀቱን ለባሏ ሰጠሁ።»

«ይሄንን?»

ሸምሱ አገላብጦ አየው። «ይሄ የማሸት ምክር ነው። የእኔ ነው፤ ግን ለእሷ አልሰጠሁም።»

«እትዬ መሪማ፣ ወደ ብርሃኑ ይምጡ። ክቡ የት ላይ ነው?»

መሪማ ወረቀቱን ወደ በሩ ይዛ ሄደች። «ትከሻ… ቀኝ ትከሻ ላይ።»

«ባቷን ያመማትን ሴት ትከሻዋን አይከቡላትም» አለች ሰብሪና። «ዓዲላ ሐኪም ካየች አምስት ቀኗ ነው። ይሄ ወረቀት ግን ከርሞ ከርሞ ኪስ ውስጥ በላብ ያለቀ ነው። ሐኪሙ ያለውን ደግሞ ወደዚህ ቤት ይዞ የመጣው አንድ አፍ ብቻ ነው። ቀኝ ትከሻውን የታመመውም እሱ ነው። ሙሀመድአሚን፣ የደሴው ወረቀት የታለ?»

ሰውዬው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ቀደድኩት» አለ። «ስንት ቀን ያስተኟታል ብዬ ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። ማሽላውን ለማን ልተወው? ዓመቱን ምን ልንበላ? እኔን ማሸቱ አሽሎኛል፤ የራሴን ወረቀት ለእናቴ ሰጠኋት። ባት ነው ብዬ እኮ ነው! ወላሂ፣ ባት ብቻ ነው ብዬ!»

ፖሊሶቹ ዘይቱናን ለቀው እሱን ያዙት። በማሽላው መሃል ሲወስዱት ወፉ ሰፍሮበት ነበር፤ የሚያባርረው የለም።

ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። መሪማ ልታነሳው ተንበረከከችና ዘይት ያወዛቸውን እጆቿን አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አልነካውም» አለች። «በዚህ እጄ አልነካውም።»

ሕፃኑን ያነሳችው ዘይቱና ናት።